የትልቅ ሙሉ ቁጥርን ጠባይ ደረጃ በደረጃ መመርመር፦ 6,358,968 እንደ ምሳሌ

አንድ ረጅም ቁጥር ፊታችን ሲቀርብ ብዙዎቻችን የምንጀምረው በዘፈቀደ በማካፈል ነው። በ2 እንሞክራለን፣ በ3 እንሞክራለን፣ በ5 እንሞክራለን፤ የተረፈው ቁጥር እጃችን ላይ ሲከብድ ደግሞ «ይህ ከእንግዲህ አይካፈልም» ብለን እንዘጋዋለን። ስህተት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች የመጨረሻ ውሳኔ ላይ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ውሳኔ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለመስጠት የሚያስችለውን የሥራ ቅደም ተከተል ያሳያል። ምሳሌ የሚሆነን 6,358,968 ነው። ቁጥሩን የመረጥኩት በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ቸኩሎ ለሚሠራ ሰው መሰናከያ የሚሆን ነገር በውስጡ ስላለ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ መሠረታዊ ሐሳብ መጨበጥ ያስፈልጋል። ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ሙሉ ቁጥር ነው። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ራሱ ብቸኛ ካልሆነ የብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሆኖ ይጻፋል፤ የአጻጻፉም መንገድ፣ የቅደም ተከተሉን ልዩነት ካልቆጠርን፣ አንድ ብቻ ነው። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው ሥራው ይህን በተሟላ ማረጋገጫ አስቀምጦታል። ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ይህ ነው፦ የአካፋዮቹ ብዛት ስንት ነው፣ ድምራቸው ስንት ነው፣ ቁጥሩ የሌላ ቁጥር ዳግም ርቢ ነው ወይስ አይደለም የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው የሚቀዳው ከአንዲት መስመር፣ ማለትም ቁጥሩ ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ ከተዘረዘረባት መስመር ነው። ያቺ መስመር ከተሳሳተች ከእርሷ የሚወጣው ሁሉ ይሳሳታል። ስለዚህ ከጠቅላላው ጊዜዎ የሚበልጠውን እርሷን በማውጣትና በማጣራት ላይ ቢያውሉት ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን መገልበጥና የፍለጋውን ወሰን ማወቅ

ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ በሦስት በሦስት አሃዝ እየለዩ ይጻፉት፤ ከዚያም ስድስት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስምንት ብለው ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። ይህ የልጅ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በረጅም ቁጥር ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት ሁለት ጎረቤት አሃዞችን አቀያይሮ መጻፍ ነው፣ ይህንን ደግሞ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል።

ቀጥለው የቁጥሩን ዳግም ዘር በግምት ያውጡ። የ2,500 ዳግም ርቢ 6,250,000 ስለሆነ ዳግም ዘሩ ከ2,500 ትንሽ ከፍ ይላል። የ2,521 ዳግም ርቢ 6,355,441፣ የ2,522 ደግሞ 6,360,484 ነው። የእኛ ቁጥር በሁለቱ መካከል ስለሚወድቅ የማንም ሙሉ ቁጥር ዳግም ርቢ አይደለም። ይህንን በእርግጥ ሳናሰላም ማወቅ እንችል ነበር፤ የሙሉ ቁጥር ዳግም ርቢ መጨረሻው 0፣ 1፣ 4፣ 5፣ 6 ወይም 9 እንጂ በፍጹም 8 አይሆንምና።

ወሰኑ የሚያስፈልገን ለሌላ ምክንያት ነው። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ሁለቱም ከዳግም ዘሩ ሊበልጡ አይችሉም፤ ቢበልጡ ኖሮ ብዜታቸው ከቁጥሩ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ እስከ ዳግም ዘሩ ድረስ አካፋይ ያልተገኘለት ቁጥር ብቸኛ መሆኑ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። እስከ 2,521 ድረስ ከ360 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ይህ ሊያስፈራዎት አይገባም፤ አንድ አካፋይ በተገኘ ቁጥር የቀረው ቁጥር ያንሳል፣ ወሰኑም አብሮ ይወርዳል። ለጀማሪ እስከ 100 ያሉትን 25 ብቸኛ ቁጥሮች በወረቀት ዳር ጽፎ መያዝ ይበቃል። ዝርዝሩን በቃል የማያውቅ ሰው በጥንታዊው የኤራቶስቴንስ ወንፊት፣ ማለትም ከ2 እስከ 100 ጽፎ የ2፣ የ3፣ የ5 እና የ7 ብዜቶችን፣ አራቱን ቁጥሮች ራሳቸውን በማስቀረት፣ በመሰረዝ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል።

ደረጃ 2፦ ከማካፈል በፊት አሃዞቹን ማንበብ

ከመጨረሻው አሃዝ ይጀምሩ። 8 ተጋማሽ ስለሆነ ቁጥሩ በ2 ይካፈላል፤ 0 ወይም 5 ስላልሆነ በ5 አይካፈልም። 1,000 ያለ ቀሪ በ8 ስለሚካፈል በ8 መካፈልን የሚወስኑት የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች ብቻ ናቸው፤ 968 = 8 × 121 ነውና ቁጥራችን በ8 ይካፈላል። ለ16 አራት አሃዝ እንወስዳለን፦ 8,968ን በ16 ስናካፍል 8 ይቀራል። ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ 2 በትክክል ሦስት ጊዜ ይገባል።

አሁን አሃዞቹን ይደምሩ፦ 6 + 3 + 5 + 8 + 9 + 6 + 8 = 45። 10፣ 100፣ 1,000 እና የመሳሰሉት በ9 ሲካፈሉ ሁልጊዜ 1 ስለሚቀር የአሃዞቹ ድምር በ9 የሚተወው ቀሪ ቁጥሩ ራሱ ከሚተወው ቀሪ ጋር አንድ ነው። 45 በ9 ይካፈላል፣ ቁጥሩም እንዲሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ይህንን ደንብ ወደ 27 መዘርጋት አይቻልም። 27 ራሱ የአሃዞቹ ድምር 9 ሲሆን፣ 9 ደግሞ በ27 አይካፈልም። የአሃዞች ድምር ስለ 3 እና ስለ 9 ብቻ ይመሰክራል።

ከሁሉም ይበልጥ ፍሬያማ የሆነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ በሦስት አሃዝ የለየናቸውን ክፍሎች መጠቀም ነው። 1,001 = 7 × 11 × 13 መሆኑን ያስታውሱ። 1,000 ከ1,001 በ1 ስለሚያንስ ክፍሎቹን ከቀኝ ጀምረን አንዱን ስንደምር ቀጣዩን ስንቀንስ የምናገኘው ቁጥር በ7፣ በ11 እና በ13 የሚተወው ቀሪ የዋናው ቁጥር ቀሪ ነው፦

968 − 358 + 6 = 616

616 = 7 × 88 ነው፤ 616 = 11 × 56 ነው፤ በ13 ስናካፍለው ግን 5 ይቀራል። በአንዲት አጭር ስሌት ስለ ሦስት ብቸኛ ቁጥሮች ቁርጡን አወቅን ማለት ነው፦ 7 እና 11 አሉ፣ 13 የለም።

አሁን ደግሞ ክፍሎቹን ሳይቀንሱ ሁሉንም ይደምሯቸው። 999 = 27 × 37 ስለሆነ ይህ ድምር ስለ 27 እና ስለ 37 ይነግረናል፦

968 + 358 + 6 = 1,332፤ እንደገና 1 + 332 = 333

333 = 9 × 37 ነው። ስለዚህ 37 አካፋይ ነው፤ 333ን በ27 ስናካፍል 9 ስለሚቀር 27 አካፋይ አይደለም፤ 3 በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባውም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ገና ዋናውን ቁጥር በምንም ሳናካፍል 8፣ 9፣ 7፣ 11 እና 37 በእጃችን ገብተዋል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን መዘርዘር

ከትንሹ አካፋይ ጀምረው እያንዳንዱን እስኪያልቅ ድረስ ያካፍሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገሩት የፊተኛው ከእንግዲህ እንደማይገባ ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይሁን።

6,358,968 ÷ 2 = 3,179,484
3,179,484 ÷ 2 = 1,589,742
1,589,742 ÷ 2 = 794,871
794,871 ÷ 3 = 264,957
264,957 ÷ 3 = 88,319
88,319 ÷ 7 = 12,617
12,617 ÷ 11 = 1,147

በእያንዳንዱ መስመር ላይ ድርሻውን በአካፋዩ መልሰው ያባዙ። 88,319 በ7 አንድ ጊዜ ከተካፈለ በኋላ ድርሻው እንደገና በ7 ይካፈል እንደሆነ ማየት አለብን፦ የመጨረሻውን አሃዝ አጥፈን ከቀሪዎቹ አሃዞች ስንቀንስ 1,261 − 14 = 1,247፣ ከዚያ 124 − 14 = 110፤ 110 የ7 ብዜት ስላልሆነ 7 አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል። 1,147 ላይ ደግሞ 7 − 4 + 1 − 1 = 3 ስለሚመጣ 11ም አይደገምም።

የቀረን 1,147 ነው። 37ን በደረጃ 2 ያገኘ ሰው 1,147 ÷ 37 = 31 ብሎ ይጨርሳል፤ 31 ብቸኛ ቁጥር ነውና። የሦስት አሃዝ ድምሩን ያልሠራ ሰው ግን በተራ ማካፈል ይጠብቀዋል፣ ይህንንም መንገድ በዝግታ ብንሄድበት ይጠቅማል፤ በሌላ ቁጥር ላይ 37 በዚህ ዓይነት ቀድሞ ላይገኝ ይችላልና። የ33 ዳግም ርቢ 1,089፣ የ34 ደግሞ 1,156 ስለሆነ እስከ 33 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር አለባቸው። በ13 ሲካፈል 3 ይቀራል። በ17 ሲካፈል 8 ይቀራል። በ19 ሲካፈል 7 ይቀራል። በ23 ሲካፈል 20፣ በ29 ሲካፈል 16 ይቀራል። አምስት ሙከራ በተከታታይ ከከሸፈ በኋላ ማንም ሰው እርሳሱን ሊያስቀምጥ ይፈልጋል፤ ወሰኑ ግን 33 ነው፣ በ29 እና በ33 መካከል አንድ ብቸኛ ቁጥር ቀርቷል፣ እርሱም 31 ነው። 31 × 37 = 1,147።

29 ላይ ያቆመ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ደረጃ 5 ላይ በቁጥር እናየዋለን። ደንቡ ግን አሁኑኑ ይያዝ፦ ከማካፈል የሚያሳርፈን ከወሰኑ በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መጨረሳችን እንጂ ድካማችን ወይም የቁጥሩ «መልክ» አይደለም።

ሁለቱ አካፋዮች ተቀራራቢ ሲሆኑ ከዚህ የፈጠነ መንገድ አለ። ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1643 በጻፈው ደብዳቤ 2,027,651,281ን የዘረዘረበት ዘዴ ነው። ከዳግም ዘሩ በላይ ካለው የመጀመሪያ ሙሉ ቁጥር ይነሡ፣ ዳግም ርቢውን ያውጡ፣ ከእርሱ ላይ ቁጥሩን ይቀንሱ፤ ልዩነቱ ራሱ የአንድ ቁጥር ዳግም ርቢ ከሆነ ሥራው አልቋል። ለ1,147 የመጀመሪያው ሙከራ 34 ነው፦ 1,156 − 1,147 = 9፣ 9 ደግሞ የ3 ዳግም ርቢ ነው። ስለዚህ አካፋዮቹ 34 − 3 እና 34 + 3፣ ማለትም 31 እና 37 ናቸው። በተራ ማካፈል እጅግ ዘግይቶ የሚመጣው አካፋይ በዚህ መንገድ በአንድ ሙከራ ተገኘ። በፌርማ ቁጥር ላይ ፍለጋው ከ45,030 ተነሥቶ 45,041 ላይ ይቆማል፤ አሥራ ሁለት ሙከራ ብቻ ማለት ነው፣ ውጤቱም 44,021 × 46,061 ነው። እኔ ማንኛውንም የቀረ ቁጥር በተራ ማካፈል ከመጀመሬ በፊት ሦስት ወይም አራት የፌርማ ሙከራ አስቀድማለሁ፤ ቢከሽፍ የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው።

ሙሉው መስመር እንግዲህ ይህ ነው፦

6,358,968 = 2³ × 3² × 7 × 11 × 31 × 37

ደረጃ 4፦ መስመሩን ማጣራት

ብዜቱን መልሶ ማውጣት የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው፤ 8 × 9 × 7 × 11 = 5,544፣ 5,544 × 1,147 = 6,358,968። ከዚያ ቀጥሎ አካፋይ ባልሆነ ቁጥር የሚተወውን ቀሪ ማመሳከር ነው። በ9 ማጣራት የተለመደ ቢሆንም እዚህ ደካማ ነው፤ በመስመሩ ውስጥ 9 ስላለ፣ ሌሎቹን አካፋዮች ብንስትም እንኳ ብዜቱ ምንጊዜም ያለ ቀሪ በ9 ይካፈላል። 13ን እንምረጥ። ዋናው ቁጥር በ13 ሲካፈል 5 እንደሚቀር አውቀናል። አሁን አካፋዮቹን በየተራ እያባዛን በየደረጃው ቀሪውን ብቻ እንያዝ፦ 8 × 9 = 72፣ ቀሪ 7፤ 7 × 7 = 49፣ ቀሪ 10፤ 10 × 11 = 110፣ ቀሪ 6፤ 31 የሚተወው 5 ስለሆነ 6 × 5 = 30፣ ቀሪ 4፤ 37 የሚተወው 11 ስለሆነ 4 × 11 = 44፣ ቀሪ 5። ሁለቱ ቀሪዎች ገጠሙ።

ማጣሪያው በ9 ብቻ ከሆነ የአሃዞች መቀያየር ያመልጠዋል። 6,358,968ን ተሳስቶ 6,385,968 ብሎ የገለበጠ ሰው የአሃዞቹ ድምር አሁንም 45 ነው። የ11 ማጣሪያ ግን ይይዘዋል፦ በትክክለኛው ቁጥር ላይ ከቀኝ ጀምሮ 8 − 6 + 9 − 8 + 5 − 3 + 6 = 11 ሲሆን በተሳሳተው ላይ 8 − 6 + 9 − 5 + 8 − 3 + 6 = 17 ይመጣል። በመሆኑም 9 እና 11 ሁልጊዜ አብረው ቢሠራባቸው እመክራለሁ።

ደረጃ 5፦ ከመስመሩ ላይ ጠባዮቹን መቅዳት

የአካፋዮች ብዛት። ማንኛውም አካፋይ የሚሠራው ከእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር የተወሰነ ያህል በመውሰድ ነው። ከ2 ምንም፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት መውሰድ ይቻላል፣ ይህም አራት ምርጫ ነው፤ ከ3 ሦስት ምርጫ አለ፤ ከቀሪዎቹ አራት ብቸኛ ቁጥሮች ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምርጫ አለ። በሌላ አነጋገር በእያንዳንዱ ርቢ ላይ 1 እየደመርን እናባዛለን፦ 4 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 192። ቁጥሩ የዳግም ርቢ ቁጥር ስላልሆነ 192ቱ አካፋዮች በ96 ጥንዶች ይደረደራሉ። ለምሳሌ 2 × 3 × 11 × 37 = 2,442 ከወሰድን የቀረው 2² × 3 × 7 × 31 = 2,604 ነው፤ አንዱ ከዳግም ዘሩ በታች፣ ሌላው ከበላይ፣ ብዜታቸውም 6,358,968።

የአካፋዮች ድምር። ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ከ1 ጀምሮ እስከ ርቢው ያሉትን ደምረን ድምሮቹን እናባዛለን። ለ2፦ 1 + 2 + 4 + 8 = 15። ለ3፦ 1 + 3 + 9 = 13። ለሌሎቹ 8፣ 12፣ 32 እና 38። ስለዚህ

15 × 13 × 8 × 12 × 32 × 38 = 22,763,520

ከዚህ ላይ ቁጥሩን ራሱን ስንቀንስ 16,404,552 ይቀራል። ይህ ከቁጥሩ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ድምር ከራሱ ጋር እኩል የሚሆን ቁጥር፣ እንደ 6 እና እንደ 28፣ ፍጹም ቁጥር ይባላል፤ የእኛ ቁጥር ድምሩ የሚያልፈው በመሆኑ ከትርፍ ቁጥሮች ወገን ነው።

ከቁጥሩ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? ከ1 እስከ 6,358,968 ካሉት ውስጥ ከ1 በቀር ከእርሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ብዛት የኦይለር ፋይ ተብሎ የሚታወቀው ነው። ከእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር አንዱን ርቢ በ1 ባነሰው ቁጥር እንተካዋለን፦ 2³ ወደ 4 × 1፣ 3² ወደ 3 × 2፣ 7 ወደ 6፣ 11 ወደ 10፣ 31 ወደ 30፣ 37 ወደ 36 ይለወጣል። ብዜታቸው 4 × 6 × 6 × 10 × 30 × 36 = 1,555,200፤ ከጠቅላላው ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

29 ላይ አቁሞ 1,147ን ብቸኛ ያለ ሰው አሁን የት እንደደረሰ እንይ። የአካፋዮችን ብዛት 96 ይላል፣ ትክክለኛው ግን 192 ነው። ድምሩን 21,490,560 ያወጣል፣ በ1,272,960 ያንሳል። ፋይን 1,650,240 ያደርገዋል፣ በ95,040 ይበልጣል። ከሁሉ የሚከፋው ብዜቱን መልሶ ቢያወጣ፣ በ9፣ በ11 እና በ13ም ቢያጣራ ሁሉም ይገጥምለታል፤ 1,147 ተብሎም 31 × 37 ተብሎም ብዜቱ ያው ነውና። ደረጃ 4 የስሌት ስህተትን ይይዛል፤ ሳይጠናቀቅ የቀረ ዝርዝርን ግን የሚይዝ ማጣሪያ የለም፤ ያ የሚጠበቀው በወሰኑ ብቻ ነው።

የዳግም ርቢ ጠባዮች። በመስመሩ ላይ ኢ-ተጋማሽ ርቢ ያላቸው 2፣ 7፣ 11፣ 31 እና 37 ናቸው። ቁጥሩን የዳግም ርቢ ቁጥር ለማድረግ የሚያስፈልገው ትንሹ አባዢ የእነዚህ ብዜት፣ ማለትም 176,638 ነው፤ ውጤቱ የ1,059,828 ዳግም ርቢ ይሆናል። ቁጥሩን የሚያካፍለው ትልቁ የዳግም ርቢ ቁጥር ደግሞ 2² × 3² = 36 ነው።

ቁጥሩ የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ሊሆን ይችላልን? ደንቡ ይህ ነው፦ በ4 ሲካፈሉ 3 የሚተዉ ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ርቢያቸው ተጋማሽ መሆን አለበት። 7 በ4 ሲካፈል 3 ይተዋል፣ ርቢውም 1 ነው፤ ስለዚህ አይችልም። ለሦስት ዳግም ርቢዎች ድምር የሚያስፈልገውን ሁኔታ አድሪያን ማሪ ለዣንድር አስቀምጦታል፦ ቁጥሩን በ4 የቻለውን ያህል አካፍለን የቀረው በ8 ሲካፈል 7 መተው የለበትም። የእኛው በ4 አንድ ጊዜ ተካፍሎ 1,589,742 ይሆናል፣ እርሱም በ8 ሲካፈል 6 ይተዋል። ስለዚህ ይቻላል፣ አንዱንም በእጅ ማግኘት አያዳግትም። ከዳግም ዘሩ ወደታች እየወረድን የቀረው ልዩነት የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር እስኪሆን እንፈልጋለን። 2,521 አይሠራም፤ የሚተወው 3,527 በ4 ሲካፈል 3 ይቀራል። 2,520 የሚተወው 8,568 ውስጥ 7 አንድ ጊዜ ስላለ እርሱም አይሠራም። 2,516 ላይ ስንደርስ የሚቀረው 28,712 = 8 × 37 × 97 ነው፤ 37 እና 97 በ4 ሲካፈሉ 1 የሚተዉ ናቸው፣ በሩ ተከፈተ፦

6,358,968 = 2,516² + 146² + 86²

ኮምፒውተር ቁጥሩን የሚይዝበት የሁለትዮሽ አጻጻፍ 11000010000011110111000 ሲሆን 23 አሃዝ አለው። መጨረሻው ላይ ያሉት ሦስት ዜሮዎች 2 ሦስት ጊዜ እንደሚገባ ከደረጃ 2 ያወቅነውን ይደግማሉ።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩ ከወረቀት ሲያልፍ

ሃያና ሠላሳ አሃዝ ያለውን ቁጥር እስከ ዳግም ዘሩ እያካፈሉ መሞከር አይቻልም። እዚህ ላይ «ብቸኛ ነው ወይ?» የሚለውና «አካፋዮቹ እነማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ከሁለተኛው እጅግ ይቀላል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መነሻው የፌርማ ትንሹ እርግጥ ነው፦ አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ፣ የእርሱ ብዜት ያልሆነ ማንኛውም መሠረት ከቁጥሩ በ1 በሚያንስ ርቢ ሲረባ በቁጥሩ የሚተወው ቀሪ 1 ነው። በ91 ላይ ይሞክሩት። 2¹² = 4,096 ሲሆን በ91 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ 90 = 7 × 12 + 6 ስለሆነ 2⁹⁰ የሚተወው የ2⁶ ቀሪ፣ ማለትም 64 ነው። 1 ስላልሆነ 91 ብቸኛ አይደለም፤ ይህንን ያወቅነው 7 × 13 መሆኑን ሳናነሣ ነው። ተቃራኒው ግን አይሠራም። 341ን ይውሰዱ፦ 2¹⁰ = 1,024 በ341 ሲካፈል 1 ይቀራል፣ ስለዚህ 2³⁴⁰ም 1 ይተዋል፤ ሆኖም 341 = 11 × 31 ነው። መሠረቱን ወደ 3 ብንለውጥ ቀሪው 56 ይሆንና ይጋለጣል። 561 ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ከእርሱ ጋር የጋራ አካፋይ በሌለው በማንኛውም መሠረት ይህን ፈተና ያልፋል። በዚህ ምክንያት በሥራ ላይ የሚውለው የተጠናከረው የሚለር እና የራቢን ፈተና ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ የአካፋዩን ቅርጽ አስቀድሞ ማወቅ ድካምን እንዴት እንደሚቀንስ ሌዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 አሳይቷል። 2³² + 1 = 4,294,967,297 ብቸኛ እንደሆነ ፌርማ ያምን ነበር። ዳግም ዘሩ 65,536 ገደማ ሲሆን እስከዚያ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ነገር ግን የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ በ64 ሲካፈል 1 መተው አለበት። በዚህ ቅርጽ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ፤ አምስተኛው ይሠራል። ማረጋገጫው በአራት መስመር ያልቃል። 640 = 5 × 2⁷ ከ641 በ1 ስለሚያንስ አራተኛ ርቢው 5⁴ × 2²⁸ በ641 ሲካፈል 1 ይተዋል። 5⁴ = 625 ደግሞ ከ641 በ16፣ ማለትም በ2⁴ ያንሳል። 5⁴ን በ−2⁴ ስንተካው −2³² እንደ 1 ይቆጠራል። ስለዚህ 2³² + 1 ያለ ቀሪ በ641 ይካፈላል፤ ድርሻው 6,700,417 ነው።

እንዲህ ያለ ቅርጽ የሌላቸው፣ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የሠሯቸው ቁጥሮች ግን ዛሬም ይከብዳሉ። አርኤስኤ የተባለው የምስጢር አጻጻፍ ዘዴ የቆመው በዚህ ክብደት ላይ ነው፤ ፋይን ማወቅ ምስጢሩን ይከፍታል፣ ፋይ የሚገኘው ደግሞ በደረጃ 5 እንዳየነው ከዝርዝሩ ነው። 250 አሃዝ ያለው አርኤስኤ-250 የተዘረዘረው እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ኮምፒውተሮች ተባብረው ነው።

ሌላ ሰው ዘርዝሮ የሰጠንን መቀበል ባለብን ጊዜም ማጣሪያው በእጃችን ነው። ማሪን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ብቸኛ ካላቸው ቁጥሮች አንዱ 2⁶⁷ − 1 ነበር። ኤድዋር ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 ብቸኛ አለመሆኑን አካፋዮቹን ሳያገኝ አረጋገጠ፣ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1903 አካፋዮቹን አቀረበ፦ 193,707,721 × 761,838,257,287። በ9 እናጣራ። የመጀመሪያው የአሃዞች ድምር 37፣ የሁለተኛው 64 ነው፤ ሁለቱም 1 ይተዋሉ፣ ብዜታቸውም 1። 2⁶ በ9 ሲካፈል 1 ስለሚተው 2⁶⁷ የሚተወው 2 ነው፤ 1 ሲቀነስ 1። በ11 ደግሞ አሃዞቹን ከቀኝ ጀምረን እያፈራረቅን ስንደምርና ስንቀንስ የመጀመሪያው 9፣ ሁለተኛው 8 ይተዋል፤ 9 × 8 = 72፣ ቀሪ 6። 2¹⁰ በ11 ሲካፈል 1 ስለሚተው 2⁶⁷ እንደ 2⁷ = 128 ነው፣ ቀሪው 7፤ 1 ሲቀነስ 6። ሁለቱም ማጣሪያዎች ገጥመዋል። አለመግጠማቸው ስህተቱን ያረጋግጥ ነበር፤ መግጠማቸው ግን ብቻውን አያበቃም፣ ሙሉውን ብዜት አሃዝ በአሃዝ አውጥቶ 147,573,952,589,676,412,927 መድረስ ቀሪው ሥራ ነው።